አንድ ፍሪዘር ለሁለት ሕፃን

ልጄ የተወለደችው እኔና ባለቤቴ የልጅ ነገር በቃን ብለን፣ ሱቁን ዘግተን ቁልፉን ካስረከብን በኋላ ነው። እኔ ሃምሳ ልደፍን ሁለት ዓመት ቀርቶኝ ነበር። እርግዝናውን የነገረን ሐኪም ፊቴን ሲያይ ደንግጦ ውሃ አስመጣ፤ ለእርጉዟ ሳይሆን ለእኔ። ልጅቷ ስትወለድ ሦስት ኪሎ እንኳ አትሞላም፤ ጩኸቷ ግን ከአፍንጮ በር ተነስቶ አራት ኪሎ ይደርስና እዚያ ታክሲ የሚጠብቀውን ሰልፍ በትኖ ይመለሳል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ "ቀንስ" ትለኛለች። እሺ፣ ሰልፉን አልበተነም። ግን ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው አይጠፋም።

የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ባለቤቴ ቢሮዋ ስትመለስ ሕፃኗ እኔ ላይ ቀረች። ሥራዬ ሰዓት መጠገን ነው። ፒያሳ፣ አንድ ወርቅ ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ጠረጴዛ አለችኝ፤ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ማየት ከጀመረ ወዲህ ግን ጠረጴዛዋን የሚጎበኛት ዝንብ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቤተሰቡ ውስጥ ሥራ ፈት ይፈለግ ሲባል የተገኘሁት እኔ ነበርኩ። ስድስት ወር ሲሞላት ምግብ የማስጀመሩም ነገር እኔው ላይ ወደቀ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "እንደ ውሃ አታቅጥነው፤ ከማንኪያው ላይ የማይፈስ ይሁን" ብላ መከረችኝ። ምክሯን በደንብ ሰማሁ። እንዲያውም ከልክ በላይ ሰማሁ።

የመጀመሪያውን ገንፎ አማስዬ ሳወጣ ጎረቤታችን እትዬ በበሩ ብቅ አሉ። ድስቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ገንፎ ነዋ እትዬ።"

ማንኪያውን ሊያነሱ ሞከሩ። ድስቱ አብሮ ተነሳ።

"አንተ ልጅ፣ ግድግዳ ልትለስን ነው ልጅ ልትመግብ?"

ሽበት የወረሰኝን ሰውዬ "አንተ ልጅ" ብለው የሚጠሩኝ በዚህ ዓለም የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እትዬ ወሎ ተወልደው፣ ሙሽራ ሆነው ፒያሳ የገቡ፣ ስልሳን የተሻገሩ ቀጭን ሴት ናቸው። የእሳቸው ቤት መንገዱ ላይ ነበር፤ የእኛ ከኋላው፣ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቆ። አንድ ግድግዳ ለሁለት፣ አንዲት ጠባብ ግቢ ለሁለት። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርን። ልጃቸው ፒያሳ ወርቅ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ከእኛዋ በአርባ ቀን የሚበልጥ ወንድ ልጅ ነበራት። ጠዋት ሁለቱ እናቶች ወደ ሥራ ሲወጡ ግቢው ውስጥ አራት እንቀራለን፤ ሁለት ሕፃናት፣ አንዲት አያትና አንድ ሰዓት ሠሪ። ከአራቱ ሦስቱ ምንም አያውቁም።

ያን ቀን ገንፎዬን ደፍተው "ሰኞ እንጀምራለን" አሉ። የጀመርነው ከእህሉ ነው። አጃው፣ ገብሱ፣ ስንዴው፣ ሽምብራው ለየብቻ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ በሰፌድ ይሰጣል፣ ለየብቻ ይቆላል። አጃና ሽምብራ አንድ ላይ የቆላ ሰው ሽምብራው ሳይበስል አጃውን ያከስለዋል። ይህን የማውቀው አንድ ላይ ቆልቼ ስላየሁት ነው። ግቢያችን ከግራ ከቀኝ በቤት የታፈነ ስለሆነ ፀሐይ የሚገባው ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ሰባት ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ቆጣሪ አንባቢ ገባ ብሎ የሚወጣ። እትዬ ሰፌዱን፣ እኔ ሁለቱን ሕፃናት ይዘን ፀሐይዋን ተከትለን ከጥግ ጥግ እንዞራለን። በዚያ ዙረት ብቻ፣ ልኬው ባላውቅም፣ ደሴ ደርሰን ተመልሰናል።

ወፍጮ ቤቱም የራሱ ሥርዓት ነበረው። የሕፃን እህል ከበርበሬ ወይም ከሽሮ ኋላ አይገባም። ወረፋዬ ቢደርስም ነጭ ጤፍ የያዘ ሰው እስኪመጣ ገለል ብዬ እቆማለሁ፤ ጤፉ ወፍጮውን ይጠርግልኛል፣ ከሱ ኋላ እገባለሁ። አንድ ቀን ቸኩዬ ወረፋዬን አላሳልፍም አልኩ። እትዬ ዱቄቱን በጣታቸው ቀምሰው አንድ ሳህን ገንፎ አገነፉልኝና ፊቴ ቁጭ ብለው አስበሉኝ። እንባዬ ፈሰሰ። "እሷም እንዲህ ነበር የምትሆነው" አሉኝ። የቀረውን ዱቄት ብቻዬን አንድ ወር በላሁት።

ዱቄቱ በክዳን ጣሳ ይቀመጣል፤ ችግር የለውም። ችግሩ አትክልቱ ነበር። በየቀኑ ዱባ መቀቀል፣ ካሮት መቀቀል፣ በወንፊት ማሳለፍ ያደክማል፤ ሕፃን ደግሞ የሚበላው ሁለት ማንኪያ ነው። እዚህ ላይ የእትዬ ፍሪዘር ገባ። ድሮ ጁስ ቤት ነበራቸው፤ ጁስ ቤቱ ሲዘጋ ፍሪዘሩ ማድ ቤታቸው ገባ። ቁመቱ የእኔን ያህላል፤ ሲነሳ እንደ ጭነት መኪና ዳገት ላይ ያጓራል። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ትልቅ ድስት ዱባና ካሮት ቀቅለን፣ በወንፊት አሳልፈን፣ በጉድጓድ ጉድጓዱ የበረዶ መሥሪያ ፕላስቲክ ላይ በማንኪያ እንሞላለን። ሲጠጥር ፈልፍለን ፌስታል ውስጥ እንጨምራለን። ከዚያ ቀላል ነው፤ ምሳ ሲደርስ እንደ ስኳር ሁለት አንኳር ማውጣት፣ ማሞቅ፣ ማጉረስ። የቀለጠውን መልሶ ማስገባት ክልክል ነው። እትዬ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም ነበር።

ፍሪዘሩ ሦስት መሳቢያ አለው። መሃለኛው የጋራ ነበር፤ ዱባ፣ ካሮት፣ ድንች። ሥጋ ግን የጋራ አይደለም። እሳቸው ከሙስሊም ልኳንዳ፣ ባለቤቴ ከክርስቲያን ልኳንዳ እያመጡ፣ በየቤታቸው፣ በየድስታቸው አብስለው አድቅቀው ያስቀምጣሉ። በዚያ ግቢ ያልተካፈልነው ነገር የለም፤ በርበሬ፣ ዣንጥላ፣ ሐሜት፣ ትኩሳት። ሥጋ ላይ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አንዳችን የሌላውን ነክተን አናውቅም፤ ቅር ያለው ሰውም አልነበረም። በሠርግም በለቅሶም ድስቱ ሁለት ነው፤ በቃ፣ እንዲህ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ "እትዬ፣ የኛን ሥጋ እንኳ እርስዎ ፍሪዘር ውስጥ አላስገባም" ስትል፣ እትዬ ትንሽ አሰቡና "ሕፃን ምን አደረገች? በድርብ ፌስታል ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ከታች ይሁን" አሉ። ላይኛው መሳቢያ የእሳቸው፣ ታችኛው የእኛ ሆነ። ፌስታሎቹ ላይ ምልክት አልነበረም። ምልክቱ መሳቢያው ነው።

ስለዚያ ጊዜ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ የግድግዳው ድምፅ ነው። እትዬ በጭልፋ እጀታ ግድግዳውን ሲመቱ፣ አንዴ ከሆነ መብራት ጠፍቷል፣ ሁለቴ ከሆነ ምግቡ ደርሷል፣ ደጋግመው ከሆነ አንዱ ሕፃን የማይበላ ነገር በልቷል ማለት ነው። ሁለቱን ሕፃናት ትራስ አስደግፈን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸዋለን። የእሳቸው የልጅ ልጅ አፉን እንደ ጋራዥ በር ይከፍታል። የኔዋ ከንፈሯን ገጥማ ጣራ ታያለች። እትዬ መላ አገኙ፤ ማንኪያውን ወደ እሷ ይልኩና ልትበላ ስትል ወደ እሱ ያዞሩታል። በሦስተኛው ዙር የኔዋ በቁጣ ተንጠልጥላ ትነጥቃለች። እንዲህ ተቀናንተው አደጉ። እኔ እንኳ ዛሬ ብቻዬን ስበላ ምግቤን የሚነጥቀኝ ሰው ባለመኖሩ ነው መሰለኝ አይጣፍጠኝም።

ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ።

ሕፃናቱ ዘጠኝ ወር አካባቢ ናቸው። እትዬና ባለቤቴ ለቅሶ ሄደዋል፤ የእትዬ ልጅ ሥራ ላይ ናት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ስምንት ሰዓት ላይ ከፍሪዘሩ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ከፈትኩት፤ ውስጡ ያለው ገና ጠጣር ነው፣ ግን ብዙ የሚቆይ አይመስልም። የሁለት ሳምንት ድካም ዓይኔ እያየ ሊቀልጥ ነው። ጀግና መሆን አማረኝ። ሦስቱንም መሳቢያ አንድ ትልቅ ዘምቢል ውስጥ ገለበጥኩ፣ አንዱን ሕፃን አዘልኩ፣ አንዷን አቀፍኩ፣ ፒያሳ ጄኔሬተር ያለው አንድ ኬክ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱን ሰዓቱን ስለምጠግንለት አውቀዋለሁ። ባንኮኒው ላይ የቆመችው ልጅ አየችኝና አፏን ያዘች።

"ጋሼ! መንታ ወለዱ እንዴ?"

"ወልጄ ነዋ። ጡቴ ደርቆ ነው የመጣሁት፤ ፍሪዘር አላችሁ?"

"የትኛው ነው የርስዎ?"

"የሚያለቅሰው።"

"ሁለቱም እያለቀሱ ነው እኮ።"

"እንግዲያው ሁለቱንም ያዢልኝ።"

ቤቱ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ ማኪያቶዋን ትታ ልጄን ተቀበለችኝ። ፌስታሎቹ ኬኮቹ ሥር ገቡ። እኔም ሳወራ፣ ስስቅ፣ ስመሰገን ዋልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መብራት መጣ ተብሎ ዘምቢሌን ይዤ ተመለስኩ። ዱባው ዱባ ነው፤ መሃል። ካሮቱ ካሮት ነው፤ መሃል። ከዚያ በሁለት እጄ ሁለት ፌስታል ያዝኩ። ሁለቱም በድርብ የታሰሩ፣ ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም ድንጋይ። የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደነበር አላስታውስም።

አሸተትኩ፤ በረዶ አይሸትም። ወደ ብርሃን አወጣኋቸው። ላይ ታች አልኳቸው። መጣል እችል ነበር። አንድ ቃል ብቻ መናገር ነበረብኝ፤ "ደበላለቅኩት" ብዬ። ግን ኬክ ቤት ሙሉ ሰው ጀግና ብሎ ሸኝቶኝ ነው የመጣሁት። የቀኝ እጄን ወደ ላይ፣ የግራ እጄን ወደ ታች አደረግኩና መሳቢያዎቹን ዘጋሁ። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ከለቅሶ ገቡ። ያደረግኩትን ስነግራቸው፣ ማለቴ ያደረግኩትን ግማሽ ስነግራቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ከዚያ ከላይኛው መሳቢያ ሁለት አንኳር አወጡ፣ አሞቁ፣ የልጅ ልጃቸውን ታፋቸው ላይ አስቀምጠው "ቢስሚላህ" ብለው አጎረሱት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እንደ ሁሌው አፉን ከፈተ።

በማግስቱ እሑድ ባለቤቴ ከታችኛው መሳቢያ ያመጣሁላትን አሙቃ ማንኪያውን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

"ድንብላል ድንብላል ይላል።"

እትዬ ሥጋው ላይ ቆንጠር አድርገው ድንብላል ይጨምራሉ። ባለቤቴ ለሕፃን አይሆንም ብላ ጨምራ አታውቅም።

"እኔ ነኝ የጨመርኩት" አልኳት።

"አንተ? ድንብላል የት እንዳለ ታውቃለህ?"

"ፈልጌ ነዋ።"

አየችኝ፤ ከዚያ ለልጃችን አጎረሰቻት። እኔ ሮጬ እትዬ ቤት ስደርስ የልጁን ምሳ ጨርሰው አፉን እየጠረጉለት ነበር። "ሥጋው መብራት ሲጠፋ ተበላሽቷል፣ ስጡኝ ልጣለው" አልኩ። "ደህና ነው እኮ፣ አሁን ቀመስኩት" አሉ። ፌስታሉን ከእጃቸው ነጠቅኩ ማለት ይቻላል። የኛንም ጨመርኩበትና ሁለቱንም ወስጄ ደፋሁ። የአፍንጮ በር ውሾች ያን ቀን ከላይኛውም ከታችኛውም መሳቢያ ሳይመርጡ በሉ። እትዬ "ሥጋ የሚደፋ ሰው!" እያሉ ሳምንት ሙሉ ሰደቡኝ። ስድቡን እንደ መድኃኒት ወሰድኩት። የሚገባኝ ለሌላ ነበር እንጂ።

ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ስንት ነገ አለፈ። ሰው የማይናገረው ነገር በቆየ ቁጥር ሌላ ነገር ይጨምርበታል፤ መጀመሪያ ስለ ሥጋው ነበር የምነግራቸው፣ በኋላ ስለ ሥጋውና ስለ ዝምታው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከዝምታው ስለሚብሰው ስለ ሳቄ፤ ከፊታቸው ቁጭ ብዬ ስስቅ እውላለሁና። ስናገር ልምዴ ማጋነን ነው። ይህን ግን ብቀንሰውም ብጨምረውም ያው ነው።

ከዚያ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። ሲለካ የእትዬ ቤት መንገዱ ውስጥ ገባ፣ የእኛ በክንድ ተረፈ። ዕቃቸው የጭነት መኪና ላይ ሲወጣ እኔ ፍሪዘሩን በአንድ ጎን ይዤ ነበር። እሳቸው ከመሃለኛው መሳቢያ የቀረውን ዱባ በፌስታል አድርገው ለልጄ ሰጡኝ። "ዛሬ አብሏት፤ ነገ ይቀልጣል" አሉ። ሁለታችንም ብቻችንን ነበርን፤ ሹፌሩ ገመድ እያሰረ ነው። አሁን፣ አልኩ በልቤ። አፌን ስከፍት የወጣው "እትዬ፣ ይኼ ፍሪዘር ሲሄድ ከተማው መብራት ይተርፈዋል" የሚል ቀልድ ነው። ሳቁና ገቢና ገቡ።

ቤታቸው ሲፈርስ የጋራው ግድግዳ የእኛ ሆኖ ቀረ። የማድ ቤታቸው አረንጓዴ ቀለም፣ ምድጃው ያጠቆረው፣ የጭልፋው ምት የፈነቀለው ልስን፣ ፍሪዘሩ የተደገፈበት ነጣ ያለ አራት ማዕዘን፣ ሁሉም ፀሐይ ላይ ወጥቶ ለመንገደኛ ታየ። ጓዳቸው ገላውን ሳይሸፍን አደባባይ የወጣ መሰለኝ። ሳምንት ያህል በዚያ ማለፍ አቅቶኝ በሌላ መንገድ ዞርኩ። ከዚያ ሠራተኞች መጥተው ግራጫ ቀቡት፤ አሁን ደግሞ አረንጓዴው ናፈቀኝ። ዛሬ እሳቸው ቤት የነበረበት ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ያምራል፣ መብራት አለው፣ ጠዋት ጠዋት ወጣቶች ይሮጡበታል። የልጅ ልጃቸውን ታፋቸው ላይ አስቀምጠው ያጎርሱ የነበረበትን ቦታ በእርምጃ አውቀዋለሁ። ከመብራቱ ምሰሶ ወደ ግራ አራት እርምጃ ነው። አንዳንዴ እዚያ ላይ እቆማለሁ፤ የሚሮጡት ዞረውኝ ያልፋሉ።

እትዬ የደረሳቸው ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሁለት ታክሲ፣ ከዚያ በእግር። እኔ ሳወራው ሦስት ቀን ያስኬዳል፤ እውነቱ ሰዓት ተኩል ነው። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ትሄዳለች። እኔ ጉንፋን ይዞኛል፣ ሰዓት የሚያሠራ ደንበኛ ቀጥሮኛል፣ ጥርሴን አሞኛል። አንድ ዓመት አለፈ። ባለፈው ሳምንት ደወሉ።

"አንተ ልጅ፣ ሞተሃል?"

"በከፊል፣ እትዬ።"

"ልጄ ደግማ ወልዳ ስድስት ወር ሊሞላት ነው። እዚህ ያለው ወፍጮ በርበሬውንም እህሉንም ባንድ አፍ ነው የሚያስገባው። እህሉን ቆልቼ ከሚስትህ ጋር ልኬዋለሁ። የድሮው ወፍጮ ቤት አስፈጭተህ አንተ ራስህ አምጣው። በሰው እንዳትልክ።"

ሐሙስ ዕለት ነጭ ጤፍ የያዘች ሴትዮ እስክትመጣ ወፍጮ ቤት ቆሜ አረፈድኩ። ዱቄቱን ገና ሙቀቱ ሳይወጣ ተሸክሜ ሄድኩ። አምስተኛ ፎቅ ደርሼ ስተነፍስ በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። አርጅተዋል። ዱቄቱን ተቀብለው ጣታቸውን ነከሩ፣ ቀመሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቢላና ግማሽ ዱባ ፊቴ አስቀመጡ። ሕፃኗ ተኝታለች፤ ትልቁ ልጅ መኪናውን ወለሉ ላይ ይነዳል። አላወቀኝም።

እየላጥኩ "እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት" አልኩ።

"ተናገር፤ እጅህ ግን አይቁም።"

ነገርኳቸው። ከኬክ ቤቱ ጀምሬ። ኬክ ቤቱ ጋ ሳቁ፤ "ጡቴ ደርቆ" ያልኩት ጋ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ፌስታሎቹ ጋ ስደርስም ሳቅ አላቆሙም።

"ሂድ ወዲያ! ሥራ ስትፈታ ደግሞ ምን ፈጠርክ?"

"ቀልድ አይደለም እትዬ።"

"አንተ መቼ ቀልደህ ታውቅና!"

ቢላውን አስቀመጥኩ። "በልጄ እምላለሁ" አልኩ። "ያን ጊዜ ልጁ የበላው የኛን ሥጋ ነው።"

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ። ድስቱ ይንተከተካል። ትልቁ ልጅ መኪናውን እግሬ ላይ አሳለፈና ሄደ።

"ስንት ጊዜ?"

"ቅዳሜ ማታና እሑድ ምሳ።"

"ቢስሚላህ ብዬ" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእጃቸው። "ቢስሚላህ እያልኩ፣ በዚህ እጄ። ራሴም ቀምሼዋለሁ።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ ያልመጣኸው?"

"ለዚህ ነው።"

"እኔ ደግሞ ናቁኝ ብዬ" አሉ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም። "ከፒያሳ ስወጣ፣ ዳር ስጣል፣ ሰው መሆኔ ቀረ ብዬ። ሚስትህ ብቻዋን ስትመጣ ባሏ ተጸይፎኝ ነው እያልኩ ስንት ቀን ደረጃውን አየሁ። ያ አላህ! ምን አስቀየምኩት እያልኩ ሃያ ዓመቱን ሁሉ ወደ ኋላ ቆጠርኩት እኮ።"

ይህን አላሰብኩም ነበር። ዓመት ሙሉ ስፈራ የኖርኩት ቁጣቸውን ነበር። በእኔ ምክንያት ራሳቸውን ሲመረምሩ ይኖራሉ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።

"ሕፃኑ ላይ ምንም የለበትም" አሉ ቆይተው። "እኔም ሳላውቅ ነው፤ አላህ ያያል። አንተ ግን እያወቅክ ነው ዝም ያልከው። ለሚስትህስ?"

"አልነገርኳትም።"

"እሷም ሳታውቅ ለልጇ አበላች፤ አይደል? ዛሬ ማታ ትነግራታለህ። ለልጄ ደግሞ እኔ አልነግርልህም። እናቱ እሷ ናት። እሑድ ከሥራ ታርፋለች፤ መጥተህ በራስህ አፍ ትነግራታለህ።"

"ምን ትላለች?"

"እኔ ምን አውቄ? ቤቱ የእሷም ነው። ውጣ ካለችህ ግባ አልልህም።" ቢላውን አንስተው መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። "አሁን ዱባውን ላጥ። ልጅቷ ልትነሳ ነው።"

ላጥኩ። ቀቀልን፣ በወንፊት አሳለፍን፣ በበረዶ መሥሪያዋ ላይ በማንኪያ ሞላን። እንደ ድሮው እሳቸው ይይዛሉ፣ እኔ እሞላለሁ። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። አጠገባቸው ቆሜ እንዲህ የናፈቁኝ ጊዜ የለም።

ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ "ድንብላሉንም አንተ አልጨመርክም ማለት ነው" አለች፤ ከሁሉ ያ የበለጠ የጎዳት መሰለኝ። አርብ ጠዋት ወደ ነፍስ አባቷ ሄዳ ተመለሰች፤ ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ዛሬ ጠዋት ግን ካፖርቷን እየቦረሸች "እሑድ እኔም እመጣለሁ" አለች። "ብቻህን ከሄድክ ቀልድ ትጨምርበታለህ።"

ነገ እሑድ ነው። የልጃችን ጫማ ተጠርጎ በር ሥር ተቀምጧል። እኔ የምናገረውን ከጠዋት ጀምሮ በቃሌ እየያዝኩ ነው። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። አንዱን፣ ለራሴ የማዝንበት ስለሆነ፣ አሁን አወጣሁት፤ ሦስት ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለው የእናቱ ነው።